የሙህዲን ኮምፒውተርና የውሃው ነገር

በሐዋሳ መሃል ከተማ የኮምፒውተሩን ሆድ በጓጉንቸር የሚቆልፍ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሙህዲን ይባላል። ሌላው ነጋዴ ሱቁን ይቆልፋል፣ ቢበዛ መሳቢያውን ይቆልፋል። ሙህዲን ግን ከኮምፒውተሩ ጎን ባለችው ቀለበት ለእህል መጋዘን የሚበቃ ጓጉንቸር አስገብቶ፣ ቁልፉን በክር አድርጎ ከሸሚዙ ሥር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ፎቶ ሊነሱ የሚመጡ ደንበኞች ሲያዩት «ጋሼ፣ ምን እንዳይወጣ ነው?» እያሉ ይስቁበታል። እሱ አይስቅም። «የሚወጣው ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ በወጣው ቦታ የሚገባው ነው ጉዱ» ይላቸዋል።

እምነቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዕቃህን ለጥገና የሰጠህ ቀን ዕቃህ አበቃለት። ባለሙያ ነኝ ባዩ ይከፍታል፣ ኦሪጅናሉን ያወጣል፣ ያረጀውን ይከታል፣ መልሶ ይገጥማል፤ አንተም አመስግነህ ትሄዳለህ። ስለዚህ የሙህዲን ኮምፒውተር ከተገዛ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ክዳኑ ተከፍቶ አያውቅም። በዚህም ይኮራ ነበር። «እንደመጣ ነው» ይላል፤ አንዳንድ ሰው ስለ ልጁ ጨዋነት እንደሚያወራ ዓይነት።

ይህ ጥርጣሬ ከሰማይ አልወረደበትም። በሰማንያ አምስት ዓ.ም. ከስልጤ አገር ሐዋሳ ሲገባ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ሀብቱም አንገቱ ላይ ያንጠለጠላት አንዲት ካሜራ ናት። አሞራ ገደል ዓሣ ሊበሉ የመጡ እንግዶችን ከሐይቁና አባ ኮዳ ከሚባለው ትልቅ አሞራ ጋር እያቆመ ያነሳ ነበር። አንድ ክረምት ካሜራዋ እርጥበት ገባትና ለአንድ ጠጋኝ ሰጣት። በሦስተኛው ቀን ተወልውላ፣ አብርታ መጣች። ፎቶዎቹ ግን ከዚያ በኋላ ጥርት ማለት እንቢ አሉ፤ የሰው ፊት ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ይደበዝዝ ጀመር። ሌንሷ ተቀይሯል። ማስረጃ ግን የለውም፤ ቀድሞ ምልክት አላደረገባትም። ያ ጠጋኝ ዛሬም ከተማው ውስጥ አለ፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ። ከሰላምታው በኋላ ሙህዲን ኪሱን ይዳብሳል።

ካሜራዋ ብትደበዝዝም ሰውየው ሠራተኛ ነበርና ስቱዲዮ ከፈተ፣ ቪዲዮ ጨመረ፣ አገባ፣ ወለደ። ጥርጣሬውም አብሮ አደገ። ሚስቱ ሙንተሃ «አንተ እኔንም ኔጌቲቬን አይተህ ነው ያገባኸኝ» ትለዋለች። ውሸት ነው ብሎ አስተባብሎ አያውቅም።

በስቱዲዮው ውስጥ ሙህዲን ከኮምፒውተሩ በላይ የሚሳሳለትና ከኮምፒውተሩም በላይ የሚጠረጥረው አንድ ሰው ነበር። ሩት ትባላለች። በዘጠና ዘጠኝ ዓ.ም. ከከተማው ዳር፣ ከሲዳማ ቤተሰብ የመጣች ዝምተኛ ልጅ ሆና ነው የተቀጠረችው፤ አሁን ሠላሳ ሊሞላት ነው። የሰርግ ቪዲዮ የምታቀናብረው እሷ ናት። የስድስት ሰዓት ቀረጻ ይሰጧትና ከዚያ ሁሉ ጭፈራና አቧራ መሃል የሙሽራዋ አባት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዓይኑን ሲጠርግ የታየባትን አራት ሰከንድ ፈልፍላ ታወጣለች። ደንበኛው «የሙህዲን ቪዲዮ» ይበል እንጂ የሚፈልገው የሩትን ዓይን ነው። ይህን ሙህዲን ያውቃል፤ ማወቁም ነው የሚያስፈራው። ከአስፋልቱ ማዶ አዲስ ስቱዲዮ ከተከፈተ ወዲህ ሩት ወደ ውጭ ባየች ቁጥር ወደዚያ የምታይ ይመስለው ጀመር። ስልኳ ሲጮህ ጆሮውን ያቆማል። በሲዳምኛ ስታወራ ደግሞ ይባስ ወንበሩን ያስጠጋል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሐዋሳ ተቀምጦ ከሰላምታና ከዋጋ ያለፈ ሲዳምኛ አልያዘውም።

ነገሩ የተጀመረው በሁለት ሺህ ሰባት ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ሥራ መሃል ድርግም ብሎ መጥፋት አመጣ። መብራት አልሄደም፤ ስታቢላይዘሩ ደህና ነው፤ ኮምፒውተሩ ብቻ በራሱ ፈቃድ ይጠፋል። መጀመሪያ ሙህዲን ሩትን ጠረጠረ። ወንበሩን ከኋላዋ አስቀምጦ ሁለት ቀን ሙሉ ማጅራቷን ሲመለከት ዋለ። በሁለቱም ቀን ኮምፒውተሩ እሱ እያየ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ግራፊክስ ካርዱ እየጋለ ነው» አለችው ሩት በሁለተኛው ቀን።

ግራፊክስ ካርድ ማለት ስዕሉን የሚሠራው ክፍል ነው፤ ዘመድ ከዱባይ በእጁ ይዞት የመጣ፣ ኮምፒውተሩ በተገዛ ቀን የተገጠመና በስቱዲዮው ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ውዱ። ሩት ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለ ቁጥር አሳየችው። ዘጠና ሰባት ይላል።

«ይህን ቁጥር ማን ጻፈው?»

«ማንም አልጻፈውም፤ ራሱ ኮምፒውተሩ ነው። ሙቀቱን ይናገራል።»

«ስለ ራሱ?»

«አዎ።»

«ስለ ራሱ የሚናገር ምስክር አይሆንም» አለ ሙህዲን፤ መዳፉን ግን ከሳጥኑ ጀርባ አስጠግቶ ወዲያው መለሰው። ከዚያ የሚወጣው ትንፋሽ የዳቦ ምድጃ ነው የሚመስለው።

ሩት እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ቁጣ የላትም፤ ስትቆጣ ድምጿ ይበልጥ ዝቅ ይላል። «ጋሼ፣ ጥር ሲገባ ዘጠኝ ሰርግ ይዘናል። ሙሽሮቹ ሲመጡ ‹ነገ› የምላቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ብቻ ለሦስት ሰው ዋሽቻለሁ። አንዷ እናቷ ታማ ነበር፤ ቪዲዮውን ሳታይ አረፈች። ከዚህ በኋላ አልዋሽም። ወይ ይህ ነገር ከጥር በፊት ይሠራ፣ ወይ እኔን ያሰናብቱኝ።»

ሙህዲን ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ። ሩት ያለችው እውነት መሆኑ ይታየዋል። ግን ለምን አሁን? ማዶ ያለው ስቱዲዮ በተከፈተ በሦስተኛው ወር? ለመሄድ ሰበብ ፈልጋ ይሆናል። ይህን አሰበና ከዚያ ደግሞ ብትሄድስ ብሎ አሰበ፤ በሁለተኛው ሐሳብ ላይ ከአልጋው ተነስቶ ተቀመጠ። ያለ ሩት ስቱዲዮው አራት ግድግዳና አንድ የመጋረጃ ስዕል ነው።

በማግሥቱ ሩት ሰይፈሚካኤልን ይዛ መጣች። ሰይፈሚካኤል መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ የጥገና ሱቅ ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ረጅም ሰው ነው። አባቱ ከሰሜን በመምህርነት ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሱ ሐዋሳ ተወልዶ፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሲዳምኛ እያወራ ያደገ ነው። ጓጉንቸሩን አየ፤ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ ካዳመጠ በኋላ «ይከፈትልኝ?» አለ።

«ሳይከፈት ንገረኝ።»

«ሳይከፈት የምለው ግምት ነው፣ ጋሼ። ካርዱ በጣም ይግላል። የሐዋሳ በጋ አለ፣ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሥራው ከባድ ነው። ማራገቢያው ካልቻለው በውሃ ማቀዝቀዝ ይቻላል። እኔ ጋ አንድ ሙሉ ዕቃ አለ፤ አንድ ደንበኛ ከውጭ አስመጥቶ ሐሳቡን ቀይሮ የተወው።»

ሙህዲን የሰማውን ለማመን ጊዜ ወሰደበት። «በምን?»

«በውሃ።»

«ኤሌክትሪክ ውስጥ ውሃ?»

«ውሃው ኤሌክትሪኩን አይነካውም። ትንሽ ፓምፕ አለ፤ ሁለት ቱቦ አለ፤ ልክ እንደ መኪና ራዲያተር ያለች ነገር አለች። ውሃው ከካርዱ ላይ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ቀዝቅዞ ይመለሳል።»

«ቱቦው ቢያፈስስ?»

«በደንብ ከታሰረ አያፈስም።»

«ቢያፈስስ አልኩህ።»

ሰይፈሚካኤል አሰበ። «ካፈሰሰ ካርዱ ይሞታል» አለ። ሐቀኛ መልስ ነበር። ሙህዲንን ደግሞ እንደ ሐቀኛ መልስ የሚያሳስበው ነገር የለም፤ ሰው እንዲህ በግልጽ የሚናገረው ሌላ የሚደብቀው ነገር ሲኖረው ነው ብሎ ያምናል። ከሁሉም የከፋው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ሰይፈሚካኤል ወደ ሩት ዞር ብሎ በሲዳምኛ አንድ ነገር አላት፤ ሩትም ፈገግ አለች።

«ምን አለሽ?»

«‹ጋሼን አስደነገጥኳቸው፤ የሚጠጣ ውሃ ስጫቸው› ነው ያለኝ።»

ሙህዲን ውሃውን ጠጣ፤ ትርጉሙን ግን አላመነም።

ከዚያ ወዲያ ውሃው አላስተኛውም። በአንድ በኩል ሲያየው እውነት ይመስላል፤ መኪና በውሃ ካልቀዘቀዘ ሞተሩ ይነክሳል፣ ይህን ማንም ሾፌር ያውቃል። በሌላ በኩል ደግሞ ዕቃው ሰይፈሚካኤል ሱቅ ተቀምጦ ገዥ ያጣ ነው፤ የካርዱ በሽታና የሰይፈሚካኤል መድኃኒት እንዲህ መገጣጠማቸው አላማረውም። ያመጣችውም ሩት ናት። ለምን እሱን? ከተማው ውስጥ ሌላ ጠጋኝ ጠፍቶ ነው? ይህን ሁሉ ሲያወጣና ሲያወርድ ሰነበተና በመጨረሻ ሙህዲን ብቻ ሊያስበው የሚችል ነገር አሰበ። ከሰይፈሚካኤል ቱቦውን ብቻ ለምርመራ ተዋሰ።

ቱቦውን ቤቱ ወስዶ ውሃ ሞላው፤ ሁለቱን ጫፍ በሽቦ አስሮ የሳሎኑ መስኮት ብረት ላይ ሰቀለው። ከሥሩ ካርቶን አነጠፈ፤ በካርቶኑ ላይ አንዲት ጠብታ ብትወድቅ እንድትታይ ስስ አድርጎ ዱቄት ነሰነሰ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ሙንተሃ ከጓዳ ወጥታ አየችው። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ያፈስስ እንደሆን እያየሁ ነው።»

«ካፈሰሰስ?»

«አላደርገውም።»

«ካላፈሰሰስ?»

ሙህዲን ዓይኑን ከዱቄቱ ላይ አላነሳም። አራት ቀን ጠበቀው። በአራተኛው ቀን ከሥራ ሲመለስ ዱቄቱ ላይ ሁለት የረጠቡ ነጥቦች አገኘና እንደ ድል አድራጊ ሙንተሃን ጠራት። ሙንተሃ «የታጠብኩትን እጄን አራግፌ ነው» አለች። ሙህዲን ቱቦውን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ነጥቦቹን አየ። እሷም ከእነሱ ጋር ትሆን? የሚለው ሐሳብ ለአንዲት አፍታ ብልጭ አለበት። አልተናገረውም እንጂ ሙንተሃ ከፊቱ ላይ አነበበችው። «ሙህዲን፣ ነገ ያንን ሳጥን ሰው ፊት ክፈተውና ይለይልህ፤ እኛም እንረፍ» ብላ ካርቶኑን ሰብስባ ወሰደችው።

ቅዳሜ ሳጥኑ ተከፈተ። ከመከፈቱ በፊት ግን ሙህዲን የሙንተሃን ቀይ የጥፍር ቀለም ከኪሱ አወጣ። ክዳኑ እንደተነሳ «ማንም እንዳይነካ» አለና ጎንበስ ብሎ በየዕቃው ላይ፣ በየብሎኑ አናት ላይ አንዳንድ ነጥብ አሳረፈ። ካርዱ ላይ ደግሞ ማንም የማይገምትበት ቦታ ላይ ሁለት ነጥብ አደረገ። ሩት ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ሰይፈሚካኤል እጁን አጣምሮ ቆሞ ጠበቀ። ቀለሙ ሲደርቅ «ጨረሱ፣ ጋሼ?» አለና አጎንብሶ ወደ ውስጥ ተመለከተ፤ ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር።

«ይህ ከተገዛ ጀምሮ አልተጠረገም?»

«እንደመጣ ነው» አለ ሙህዲን በኩራት።

የካርዱ ማራገቢያ አይታይም ነበር። የሦስት ዓመት የሐዋሳ አቧራ እንደ ትራስ ጥጥ ተደላድሎ ተቀምጦበታል። ሰይፈሚካኤል በጣቱ ጫፍ ትንሽ ቆንጥሮ አነሳና ለሩት አሳያት።

«ጋሼ፣ ውሃው ይቅር» አለ ሰይፈሚካኤል። «ባለፈው ሳላይ ነው የተናገርኩት። ይህ አየር አጥቶ ነው እንጂ ሌላ ሕመም የለውም። ካርዱን ሱቄ ልውሰደውና በአየር ልንፋው፣ የደረቀውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባቱን ልቀይር፤ ሰኞ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ። ለዚህ የውሃ ዕቃ መግዛት አያስፈልግዎትም።»

ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ይል ነበር። ሙህዲን ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ ናት የገባችው፤ «ልውሰደው» የምትለው። አሁን ገባኝ አለ በልቡ። ውሃው ማስመሰያ ነበር። በውሃ አስፈራሩኝ፤ ሳጥኑን አስከፈቱኝ፤ አሁን ውሃው ይቅር ተብሎ ካርዱ ሊሄድ ነው። ዕቃውን ሊሸጥልኝ የነበረ ሰው በድንገት አትግዛ የሚለኝ ለጽድቅ ነው? ሳምንት ሙሉ ውሃውን ሲሸሽ የከረመው ሰው በዚያች ደቂቃ ውሃው ናፈቀው።

«አይ፣ ውሃውን ነው የምፈልገው» አለ።

«ጋሼ፣ አያስፈልግም እኮ ነው የምልዎት።»

«አየር ብቻ ነው ያጣው አልክ?»

«አየርና ቅባት።»

«በል እንግዲህ ላስብበት» አለና ክዳኑን ገጥሞ ቆለፈው። ሩት ቦርሳዋን አንስታ ከሰይፈሚካኤል ጋር ወጣች። በሩ ላይ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ሰኞ ድረስ ነው የምጠብቀው» አለችው።

እሑድ ጠዋት ሙህዲን ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅሎ በባጃጅ ወንድሙ ወደሚባል ጎሚስታ፣ ጎማ ጠጋኝ ዘንድ ወሰደው። አየር ከሆነ ያጣው አየር የት እንዳለ ያውቃል። ጎማ የሚነፋ ኮምፕሬሰር ኮምፒውተር መንፋት አያቅተውም፤ በየሰፈሩ ያደረጉትም ሰዎች አሉ። ደግሞ ወንድሙ ጎማ እንጂ ካርድ አያውቅም፤ የማያውቀውን ምን ብሎ ይቀይራል?

ወንድሙ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ የአየር ቱቦውን አነሳ። «ጋሼ፣ ዛሬ ታንከሩን አላፈሰስኩትም፤ ትንሽ ያልበዋል። አፍስሼው ልምጣ?» አለ። ሙህዲን ላቡ ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ሐሳቡ ሁሉ ወንድሙ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻውን እንዳይቀር ነበር፤ ሰውየው ወዲያ ወዲህ ማለቱም አላማረውም። ክዳኑን ራሱ ከፍቶ «ንፋው፣ ንፋው» አለ። ወንድሙ ነፋው። አቧራው እንደ ደመና ወጣ። ሙህዲን በእንብርክኩ ሆኖ ዓይኑን ከወንድሙ እጅ ላይ አልነቀለም፤ አሥሩንም ጣቶች አንድ በአንድ ተከታተላቸው። ከቱቦው ጫፍ ከአየሩ ጋር የምትረጨውን ስስ ጤዛ ግን አላያትም። ቀዮቹን ነጥቦች አየ፤ ሁሉም በቦታቸው ናቸው። ደስ እያለው ተመለሰ።

ስቱዲዮው ደርሶ ኮምፒውተሩን ሰካና አበራው። ከሳጥኑ ውስጥ ቂቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ስክሪኑ ጨለመ። አጠፋው፣ አበራው፤ አጠፋው፣ አበራው። ከዚያ ክዳኑን አነሳና በእጁ የካርዱን ጀርባ ዳበሰ። ጣቱ እርጥብ ሆኖ ወጣ። ሙህዲን እርጥብ ጣቱን እያየ ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ክዳኑን ገጥሞ፣ ቆልፎ፣ መስኮቱን ከፍቶ ሽታውን አስወጣና ምንም እንዳልሆነ ሰው ቤቱ ገባ።

ሰኞ ሩት መጣች፣ ኮምፒውተሩን አበራች፤ ጨለማ። ሙህዲን ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል፤ ግን ገጽ አልገለጠም። ሩት ሰይፈሚካኤል ጋ ደወለች። ሰይፈሚካኤል መጥቶ ክዳኑ ሲከፈትለት አጎንብሶ አሸተተ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን ነገር አደረገ።

«አቧራው ለቋል» አለ መጀመሪያ፤ ሙህዲንን አየ፤ ሙህዲን ጋዜጣውን አየ። ሰይፈሚካኤል ወደ ሳጥኑ ተመልሶ «ካርዱ ተቃጥሏል። ቅዳሜ ባዶ እጄን አስገብቼ የነካሁት እኔ ነኝ። ሰው እጅ ላይ ኤሌክትሪክ ይኖራል፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ይገድላል። መጠንቀቅ ነበረብኝ» አለ። «የኔ ጥፋት ሊሆን ይችላል።»

ሩት ወደ ሙህዲን ዞረች። ጣሪያው እስኪነቃነቅ ይጮኻል ብላ ነበር የምትጠብቀው፤ ሰው እጅ ከፍንጅ ለመያዝ ሃያ ዓመት የቆየ ሰው ነውና። ሙህዲን አልጮኸም። ጋዜጣውን አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

ሰይፈሚካኤል ወጥቶ ሄደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ተመለሰ። «የራሴ ነው፤ ከራሴ ኮምፒውተር ነቅዬ ነው ያመጣሁት። የእርስዎን ያህል ባይሆንም ይሠራል። ጥር እስኪያልፍ ይጠቀሙበት፤ ከዚያ የተቃጠለውን የምተካበትን መንገድ እፈልጋለሁ።»

ሙህዲን ካርዱን ተቀብሎ አገላበጠው። ከልማዱ ብዛት ተንኮሉን ፈለገ። ከፊት ፈለገ፣ ከኋላ ፈለገ፤ ይህ ሰው በዚህ ምን ያተርፋል ብሎ አሰበ። ምንም አያተርፍም። በእድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ሥራ ታች ድረስ ተመልክቶ ከሥሩ ሌላ ነገር አጣበት። ያን ጊዜ ነው ኀፍረት የያዘው፤ ከጆሮው እስከ አንገቱ የሚያቃጥል ኀፍረት። ያ የጥንቱ ጠጋኝ በዓይኑ መጣበት፤ ዕቃ ገድሎ፣ ወልውሎ፣ ዝም ብሎ የመለሰለት ሰው። ዛሬ ዝም ብሎ የተቀመጠው ማን ነው?

«አትሰካው» አለ። ድምፁ የራሱ አልመስለው አለ። «አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ የገደልኩት።» ብርድ ልብሱን፣ ባጃጁን፣ ወንድሙን፣ እርጥብ ጣቱን አንድም ሳያስቀር ተናገረ።

«ታንከሩን አፍስሶት ነበር?» አለ ሰይፈሚካኤል።

«ላፍስሰው ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩት።»

ሰይፈሚካኤል ሳቁን ሊይዘው ሞከረ፤ አልቻለም፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «እንግዲህ ጋሼ፣ በመጨረሻ ውሃውን አስገብተውታል ማለት ነው» አለ። ሙህዲንም እሱን ተከትሎ ሊስቅ ነበር፤ ሩትን ሲያያት ተወው።

ሩት አልሳቀችም። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰይፈሚካኤል ካርዱን ይዞ ባይመጣ ኖሮ ይነግሩን ነበር?»

ሙህዲን «እንዴታ» ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ከዚያ እውነቱን ተናገረ። «አልነግራችሁም ነበር።»

ሩት ራሷን ነቀነቀች፤ ያልጠበቀችው አልነበረም። ሰይፈሚካኤል ሳቁን አቁሞ ካርዱን ቦታው ላይ ሰካው፤ ሦስቱም ስክሪኑ እስኪበራ ጠበቁ። በራ።

«እንግዲህ ውሃውስ?» አለ ሙህዲን። «ይግባ ይቅር፣ ሩት ትወስን። አንቺ ነሽ የምትሠሪበት። እኔ ከእንግዲህ አልናገርም።»

«ይቅር» አለች ሩት። «ሰይፈሚካኤል በየሁለት ወሩ እየከፈተ ይጥረገው። ይህ ይበቃዋል።»

«እሺ። አንቺስ?»

ሩት ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና ያላለቀውን ሰርግ ከፈተች። ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ ነው የመለሰችለት። «የጥሮቹን ሁሉንም ሠርቼ እጨርሳለሁ፤ ለሰዎቹ ቃል ገብቻለሁ። ከፋሲካ በኋላ ግን ማዶ ያለው ስቱዲዮ እገባለሁ። ሦስት ጊዜ ጠይቀውኛል፣ ጋሼ። ሦስቱንም ጊዜ አይሆንም ብያቸዋለሁ። የመጨረሻው ቅዳሜ ማታ ነበር፤ ከዚህ እንደወጣሁ። ሐሳቤን የቀየርኩት ዛሬ ነው።»

ሙህዲን ፊቷን አየ። የስምንት ዓመት ልማድ ነውና ከፊቷ ላይ ውሸት ፈለገ፤ አላገኘም። የሰው ቃል እንደተነገረ ወዲያው ሲያምን ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ባያምናት ይሻለው ነበር።